ልጁ የቆመው ከየትኛው ፊደል ላይ ነው?



ከእናንተ በሚደርሱን ደብዳቤዎች ውስጥ በየዓመቱ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ «ለልጁ ደብተር ተገዝቶለታል፤ የደንብ ልብስ ተሰፍቶለታል፤ የትምህርት ቤቱም ጣሪያ ቆርቆሮ ለብሷል። ታዲያ ትምህርቱ ለምን አልሆነለትም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ፣ በላሊበላ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የላስታ ቀበሌዎች ከመምህራንና ከወላጆች ጋር ስንሠራ ያየነውን መሠረት አድርገን በዚህ ጽሑፍ ልንመልስላችሁ እንሞክራለን። ጽሑፉን በየማኅበራችሁ አብራችሁ ብታነቡትና ብትወያዩበት ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል።

ደብተርና ልብስ ልጁን እስከ ክፍሉ በር ድረስ ያደርሱታል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ በላስታ ደጋ ልብስ ስላልነበረው ብቻ ከቤት የቀረ ልጅ ብዙ ነው። ከበሩ ወዲያ ግን ሌላ ጥያቄ ይጀምራል። «ይህ ልጅ ማንበብ ይችላልን?» የሚለው ነው። አንድ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ከደረሰ ማንበብ ይችላል ብሎ ሁሉም ሰው አስቀድሞ ስለ ተቀበለ፣ ይህን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ማንም አያነሣውም።

ዜማና ንባብ

በገጠር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ወደ ሦስተኛ ክፍል ብትገቡ እንዲህ ያለ ነገር ታያላችሁ። መምህሩ ምንባቡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ አንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል። ቀጥሎም ስድሳው ወይም ሰባው ልጅ በአንድ ድምፅ ይቀበለዋል። ጆሮ ለሚሰማ ደስ ያሰኛል። ጎብኚም ቢመጣ «ልጆቹ እንዴት ጎበዞች ናቸው!» ብሎ ይሄዳል።

እስቲ አሁን ከዚያው ሰሌዳ መካከል አንዲት ቃል በጣታችሁ ጠቁሙና አንዱን ልጅ «ይህቺ ምን ትላለች?» በሉት። ከልጆቹ ብዙዎቹ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አንሥተው ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው በቃላቸው ይጀምሩና ወደዚያች ቃል እስኪደርሱ ድረስ በከንፈራቸው ይወርዳሉ። አንዳንዱ ይደርስባታል፤ አንዳንዱ አልፏት ይሄዳል። ሰሌዳውን የሚያነብበው ዓይኑ አይደለም፤ የሚዘምረው ምላሱ ነው። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። እንዲያውም ሙሉ ገጽ በቃሉ የያዘ ልጅ አእምሮው ብርቱ ነው። ፊደሉን የሚለይበት ጊዜ ግን አልተሰጠውም።

ይህ የላስታ ነገር ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ንባብ ተፈትነው ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች መካከል 34 በመቶ ያህሉ ከተሰጣቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከሦስት አንዱ ማለት ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ልጅ ሳይወድቅ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያልፍ ይደረግ ስለ ነበር፣ ማንበብ የማይችለውም ከሚችለው ጋር እኩል ይሄዳል። የሐሳቡ መነሻ መልካም ነበር፤ ሕፃን ልጅ በስድስትና በሰባት ዓመቱ «ወደቅህ» ተብሎ እንዳያፍር ነው። ነገር ግን መምህሩ በየጊዜው እየመዘነ የጎደለውን እንዲሞላ የታሰበው ነገር፣ በአንድ ክፍል ሰባ ልጅ ለያዘ መምህር ሳይሆንለት ቀረ።

ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፎቹ ልጁ ማንበብ እንደሚችል ቆጥረው ይናገሩታል። ሒሳቡ በጽሑፍ ነው፤ ሳይንሱ በጽሑፍ ነው፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ሌላ ፊደል ይዞ ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ አገር ሁሉ ደንግጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጥቂት ከፍ ብሏል። የዚያ ውጤት ሥሩ ያለው 12ኛ ክፍል አይደለም፤ 2ኛ ክፍል ነው ብለን እናምናለን።

አቡጊዳ ለምን ተሠራ?

መድኀኒቱን ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ ያስፈልግ እንደ ሆነ ስናስብ፣ በላሊበላ በየአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ የኔታ ልጆችን ሰብስበው የሚያስተምሩትን ማየት ይበቃል። እኛ የወንጌላውያን ወገን ብንሆንም ይህን ስንናገር አናፍርም፤ ከመቶ ዓመታት በላይ የተፈተነ ጥበብ ነውና።

የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ልጁ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በዜማ ይይዘዋል፤ ጥቂት ሳምንታት ይበቁታል። የኔታ ግን ዜማው ንባብ እንዳልሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህ ልጁን ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ መልሰው ያስቆጥሩታል። ከዚያም አቡጊዳ ይሰጡታል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በአቡጊዳ ውስጥ በየእርምጃው ፊደሉም ይለወጣል፤ ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ እየተባለ ድምፁም ይለወጣል። የሀሁው ዜማ በዚህ መንገድ ሊረዳው አይችልም። ልጁ በስንጥር የጠቆመውን ፊደል በመልኩ ካልለየው በቀር ወዲያው ይታወቅበታል። አቡጊዳ ማለት በዜማ የሚያመልጠውን ልጅ የሚይዝ ወጥመድ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ከዚያ በኋላ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ይገባል። መጀመሪያ ፊደል በፊደል ይቆጥረዋል፤ ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያለ ይወጣል፤ ወደ ዳዊትም ይሻገራል። ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገር በጣም ደስ ይለናል። አንደኛው፣ ልጁ ወደ ፊት የሚሻገረው ዓመቱ ስለ ሞላ ሳይሆን የያዘውን ስለ ለየ መሆኑ ነው፤ የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ያስነብባሉ፤ የት እንደ ቆመም ያውቃሉ። ሁለተኛው፣ አቡጊዳ የጨረሰው ሀሁ የጀመረውን ማስቆጠሩ ነው። አንድ መምህር አርባ ልጅ ያስተማረው በዚህ መንገድ ነበር።

ጉድለትም አለው። ንባቡ በግእዝ ስለሆነ ልጁ ያነበበውን አይሰማውም። ከቄስ ትምህርት ቤት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ፈጥነው ሲያነቡ ብዙ ጊዜ አይተናል። ምንባቡን እንደ ውኃ ያወርዱታል። «ታዲያ ምን አለ?» ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ፤ ማንበብ ማለት ድምፁን ማውጣት ነው ብለው የተማሩት እንዲያ ነውና። ስለ አለንጋውም የምናመሰግነው ነገር የለም። የፈራ ልጅ ያላወቀውን ይደብቃል፤ ያልታወቀ ነገር ደግሞ አይታከምም።

አንዲት ወረቀት

እኛ ከመምህራን ጋር የምንሠራበት መለኪያ አንዲት ወረቀት ናት። በወረቀቷ ላይ አራት ነገር ይጻፋል። ከላይ አሥር ያህል ፊደላት ተበታትነው፤ ከዚያ በታች አምስት ስድስት አጫጭር ቃላት፤ ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር፤ በመጨረሻም አራት መስመር የምትሆን ወሬ። ወሬዋ ልጁ በቃሉ የማያውቃት፣ ነገር ግን ከኑሮው ያልራቀች መሆን አለባት። ለምሳሌ ያህል፣ «አንድ ልጅ በግ ይጠብቃል። ማታ በጎቹን ቆጠረ። አንዲት በግ ጎደለች። ልጁ ወደ ገደሉ ሮጠ።» ብትሆን ይበቃል። ካነበበ በኋላ «ልጁ ለምን ሮጠ?» ተብሎ ይጠየቃል። በወረቀቷ ላይ «በጓን ሊፈልግ» የሚል አልተጻፈም። ልጁ ይህን ከመለሰ አንብቧል ማለት ነው።

ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ልጁ ከዛፍ ጥላ ሥር ለብቻው ይቀመጣል፤ ጓደኞቹ አይሰሙትም። መምህሩ ነጥብ አይሰጥም፤ ከስሙ አጠገብ «ፊደል» ወይም «ቃል» ወይም «ዓረፍተ ነገር» ወይም «ወሬ» ብሎ የቆመበትን ብቻ ይጽፋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ የክፍሉ ሁሉ መልክ ይታወቃል። በአንድ የሦስተኛ ክፍል ውስጥ ፊደል የማይለይ፣ ቃል ላይ የቆመና ወሬ የሚያነብብ ልጅ ጎን ለጎን በአንድ ወንበር ተቀምጠው አንድ ዓይነት ትምህርት ሲሰጣቸው መክረማቸው የሚገለጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ፣ የሚሻለውም የጧቱ የመጀመሪያው ነው፣ ልጆቹ በክፍላቸው ሳይሆን በቆሙበት ይሰበሰባሉ። ፊደል ላይ የቆሙት ከሁለተኛም ከሦስተኛም ከአራተኛም ክፍል መጥተው አንድ ቦታ ይቀመጣሉ፤ ቃል ላይ የቆሙትም እንዲሁ። በሕንድ አገር ፕራተም የተባለው ድርጅት ይህንኑ መንገድ ለብዙ ዓመታት ሠርቶበታል። በእ.ኤ.አ. 2019 በኢኮኖሚ ሳይንስ የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሦስት ምሁራን መካከል አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ መንገዱን በጥንቃቄ መርምረው፣ በዕድሜና በክፍል ከመማር ይልቅ በደረሱበት ደረጃ ተሰብስበው የተማሩ ልጆች ንባባቸው እንደሚሻሻል አሳይተዋል። የላሊበላ የኔታ ይህን ቢሰሙ «እና ሌላ በምን ይማራል?» ሳይሉ አይቀሩም።

ፊደል ላይ ለቆሙት የዘይት ወይም የብስኩት ካርቶን ተቀዶ ካርድ ይሠራላቸዋል። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። ብዙዎች የሚደናቀፉት በሳድሱ ነው፤ ካዕቡ ከጎኑ መቀጠያ፣ ሣልሱም ከእግሩ መቀጠያ ሲኖራቸው፣ «ል፣ ም፣ ር፣ ስ፣ ት» እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይለወጣሉና። ከአማርኛ ቃላት ውስጥ ደግሞ በሳድስ የሚጨርሱት እጅግ ብዙ ናቸው። ስለዚህ መምህሩ ሳድሶቹን ለይቶ አውጥቶ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢያስለምድ ብዙ ርቀት ይሄዳል። «ለ»ን ከ«ሰ»፣ «ደ»ን ከ«ጀ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ» ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነታቸውን ልጁ ራሱ በጣቱ እንዲያሳይ ማድረግም ይረዳል።

ቃል ላይ የቆሙት በራሳቸው ቃል ይማራሉ። የወንዙ ስም፣ የበጉ ስም፣ የእናት ስም። መጥበቅና መላላት በፊደላችን ስለማይጻፍ በዚህ ደረጃ ልጁ ስለ ትርጉም ማሰብ ይገደዳል። «ገና» የሚለውን ቃል እንውሰድ። «ገና ይመጣል» ሲል በዓሉን ነው ወይስ አልመጣም ማለት ነው? የላሊበላ ልጅ ሁለቱንም አጥብቆና አላልቶ እየተናገረ ይስቃል። በሳቁ ውስጥ ግን ንባብ ከአፍ ወደ ልብ መግባት ይጀምራል።

ወሬ ማንበብ የቻሉት ልጆች ለመምህሩ ረዳቶች ይሆናሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ከታናናሾቻቸው ጋር ተቀምጠው ያስቆጥራሉ። አንዳንድ ወላጅ «ልጄ ሊማር እንጂ ሊያስተምር አልመጣም» ብሎ ያጉረመርማል። ነገር ግን ያወቀውን የሚያስረዳ ልጅ ዕውቀቱ ይጠነክራል እንጂ አይቀንስም።

የጠፉት ዓመታት

በላስታ ስለ ልጆች ትምህርት ስንናገር ያለፉትን ዓመታት ዘልለን ልንሄድ አንችልም። በ2012 ዓ.ም. መስከረም አንደኛ ክፍል የገባ አንድ ልጅ እናስብ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማዋም እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትገላበጥ ቆየች። በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ወንበራቸው ተሰባበረ፤ መጽሐፋቸው ተበተነ። ጥቂት ፋታ ተገኘ ሲባል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ገና ተዘጉ፤ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ። ይህ ልጅ በመዝገብ ቢቆጠር በ2016 ዓ.ም. አምስተኛ ክፍል መሆን ነበረበት። ሳይቋረጥ የተማረበት ዓመት ግን ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ብናገኝ ሊገርመን አይገባም። እነዚህ ልጆች ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግራቸው ኀፍረት ነው። የሰባት ዓመት ሕፃን የሚመልሰውን አለመመለስ ያማል። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ «ከብት የሚጠብቅ ጠፋ» ብሎ ይቀራል፤ ወይም ወደ ወልድያ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ ለቀን ሥራ ይሄዳል። በመዝገቡ ላይ «አቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል። ያቋረጠበትን ምክንያት የሚጠይቅ ግን የለም።

ለእንዲህ ያለው ልጅ መምህሩ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ከትንንሾቹ ጋር ከፊት አያስቀምጠው። የሰሌዳውን ሥራ፣ የካርዶቹን አደራ፣ የቁጥጥሩን መዝገብ ይስጠው፤ ትልቅነቱ እንዲከበርለት። በሒሳብ ከሁሉም ሊበልጥ ይችላል፤ በገበያ ቀን በግ ሸጦ መልስ የቆጠረ ልጅ ነውና። በዚያ ሲመሰገን ፊደሉን ለመጠየቅ ድፍረት ያገኛል። የተኩስ ድምፅ የሰማ፣ ቤተሰቡ የተሰደደበት ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ሰዓቱ የታወቀ ትምህርት፣ የማይለወጥ መቀመጫ፣ በየጧቱ በስሙ የሚጠራው ሰው። በሩ ድንገት ሲዘጋ የሚደነግጠውን ልጅ መሳለቂያ አለማድረግም ከዚሁ ይቆጠራል። መምህሩ ራሱ ያንኑ ዘመን ያሳለፈ ሰው መሆኑንም አንርሳ፤ ደመወዙ ዘግይቶ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ በእግሩ ሰዓታት ተጉዞ ክፍሉ ውስጥ የተገኘ መምህር ከእኛ ነቀፋ ይልቅ ማበረታቻ ይገባዋል።

ሆድ፣ ዓይንና ጆሮ

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ናት፤ ከእርሷ በላይ ያሉት ቀበሌዎች እስከ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ድረስ ይወጣሉ። ጧት ብርዱ ይቆነጥጣል። ልጁ ሌሊት ተነሥቶ፣ ከብቱን አውጥቶ፣ አንዳንዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዞ ይደርሳል። በባዶ ሆዱ ከሆነ እስከ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዓይኑ ተገልጦ አእምሮው ይተኛል። የትምህርት ቤት ምገባ ባለበት ቦታ መቅረት እንደሚቀንስ መምህራን ሁሉ ይነግሩናል። በሌለበት ግን በኪስ የሚያዝ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ እንኳ ትልቅ ነገር ነው። እናቶችን ይህን ስንለምናቸው ልጁ «በልቶ ነው የሄደ» ይሉናል፤ የበላው ማታ ነው።

የአማራ ክልል በዓይን ማዝ፣ በትራኮማ ማለት ነው፣ በዓለም ከፍተኛ ጉዳት ከደረሰባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የልጁ ዓይን ዝንብ ወርሮት ካያችሁ፣ የሚያየው ሰሌዳ ለእርሱ ጭጋግ ነው። ፊት መታጠብ ከመድኀኒቱ ጋር ተደምሮ ብዙ ይከላከላል። ጆሮው የሚመግል ልጅ ደግሞ «አይሰማም፣ እልኸኛ ነው» ይባላል፤ በእርግጥም አይሰማም። ወደ ጤና ጣቢያ እስኪወሰድ ድረስ ከፊት ረድፍ ማስቀመጥ ለማንም አያስቸግርም።

በቤት

አንድ አባት «ጌታው፣ በጉ ራሱን አይጠብቅ» ብለውናል። እውነታቸውን ነው። በላስታ ልጅ ሠራተኛ ነው፤ ይህን ሳይቀበሉ ወላጅን መምከር ከንቱ ድካም ነው። ከዚህ ይልቅ በተራ መጠበቅን እናበረታታለን። ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤቶች በጎቻቸውን አቀላቅለው ልጆቻቸው በየተራ ቢጠብቁ፣ ልጁ ከአምስቱ የትምህርት ቀን ሁለቱን፣ ሦስቱን ወይም አራቱን ያገኛል። ለሴት ልጅ ውኃው ነው ችግሩ። ምንጩ ከጎለበተና ከቀረበ ትምህርት ቤቱም ይቀርባታል፤ ስለዚህ ለምንጭ ሥራ የላካችሁት ገንዘብ ለትምህርት የተላከ ነው ብላችሁ ብትቆጥሩት አልተሳሳታችሁም።

ወላጆች «እኛ አልተማርን፣ ምን እንርዳው?» ይላሉ። ማታ በኩራዝ ወይም በፀሐይ መብራት ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው፤ ከዚያም «ምን አለ?» ይበሉት። ይህን ለመጠየቅ ፊደል ማወቅ አያስፈልግም። ልጁ ከተንተባተበ ገና አልገባውም ማለት ነው፤ ደግሞ ያንብብ። በአንዳንድ ቤት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ አያቶች አሉ፤ የምስክር ወረቀታቸውን በሳጥን አስቀምጠዋል። እነርሱ ከልጅ ልጃቸው ጋር በአንድ መጽሐፍ ላይ ሲያጎነብሱ ማየት እጅግ ያስደስታል። ተረትና እንቆቅልሽም የንባብ ወንድሞች ናቸው፤ «ምን አውቅልህ» እያለ ያደገ ልጅ ከተነገረው ውስጥ ያልተነገረውን መፈለግ ለምዷልና። «ድንጋይ ራስ» የሚለው ስድብ ግን ከቤትም ከክፍልም መውጣት አለበት። ልጁ ያምነዋል።

በላሊበላ መንገድ ላይ

ላሊበላን የጎበኛችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ንቁ ልጅ ይጠጋችሁና በጥሩ እንግሊዝኛ ስለ ትምህርቱ ያጫውታችኋል፤ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መዝገበ ቃላት ብቻ ይለምናል። ከሱቅ ይገዛለታል። ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ጎብኚው ሲሄድ ወደ ሱቁ ተመልሶ ገንዘቡ ይከፈላል። በዚህ ልጅ ላይ አንፈርድም፤ ቤተሰብ ያበላበት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ትምህርቱን በስድስት ቋንቋ ሰላም በማለት የለወጠው ልጅ ክፍሉ ውስጥ እንደማይገኝ ማወቅ ያስፈልጋል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ጎብኚ ሲጠፋ ከሁሉ የከፋው ችግር የደረሰው በእነዚሁ ልጆች ላይ ነው፤ በመንገዱም የለም፣ በክፍሉም የለም። ስለዚህ መጽሐፍ መስጠት የምትሹ ለመንገድ ሳይሆን ለክፍሉ መደርደሪያ ስጡ። አንድ መዝገበ ቃላት በትምህርት ቤት ቢቀመጥ ሃምሳ ልጅ ይገልጠዋል። ከመዝገበ ቃላት በፊት ግን የሚበልጠው፣ በአማርኛ የተጻፉ፣ ሥዕል ያለባቸው፣ አጫጭር የተረት መጻሕፍት ናቸው። የሚላክልን ያገለገለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በካርቶን እንዳለ የሚቀመጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል።

ታኅሣሥ 29 የገና በዓል ሲሆን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ምእመን ወደ ከተማዋ ስለሚጎርፍ፣ ልጆች ጫማ ለመጥረግ፣ ጫማ ለመጠበቅ፣ ቆሎ ለመሸጥ ይወጣሉ። ይህን ማንም አያስቀረውም። አንዳንድ መምህራን በዚያ ሳምንት መቅረቱን ከመቁጠር ይልቅ ልጆቹ ሲመለሱ ያዩትን በሦስት መስመር እንዲጽፉ ያደርጋሉ። ከዓመቱ ጽሑፍ ሁሉ የሚበልጠው ብዙ ጊዜ ያ ነው።

እናንተም ይህን ጽሑፍ ከጨረሳችሁ በኋላ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ያለ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የሚማር አንድ ልጅ ጥሩ። ከመጽሐፉ ገና ያልተማረውን ገጽ ግለጡ፤ ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍኑ፤ ከመካከል ጀምሮ እንዲያነብብላችሁ ለምኑት። ከዚያም ምን እንዳለ ጠይቁት። ልጁ የቆመው ፊደል ላይ ይሁን ቃል ላይ ወይም ከዚያ አልፎ፣ ያገኛችሁትን በደብዳቤ ጻፉልን። የክፍሉን ቁጥር መጻፍ አትርሱ፤ የልጁን ስም ግን አትጻፉ።